ሰባ አምስት ዲግሪ

ቅርያት ጋት ዝናብ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ፤
ታንከር ቁጥር አራት አጉረምርሞ ነቃ።
በግራው ቱቦ ውሃ፣ በቀኙ ቱቦ ዘይት፤
ሰባ አምስት ሳይሞሉ ክልክል ነው መተያየት።
«አንዱ ቀድሞ ቢበርድ፣» ትላለች ላሪሳ፣
«ይረጋል ጓል ሆኖ፤ ትርፉ ነው አበሳ።»

እኔ ትርንጎ ነኝ፤ «ቲራ» ይላል ባጄ፤
የጎማ ጓንት ለብሷል አረም የነቀለ እጄ።
የምንሠራው ክሬም ለነቃ ጣት ነው፣ ለነቃ ተረከዝ፤
ከሙት ባሕር ጨው ቁንጥር፣ ዋጋው ግን ከነባሕሩ የሚመዘዝ።

ላሪሳ በብልቃጥ አሳየችኝ የመጀመሪያው ለት፦
ዘይት በውሃ ላይ፣ ክዳን፣ ነቅነቅ — ወተት!
ሰላሳ ሳልቆጥር ተለያዩ እንደ ጥንት።
ከዚያ ከትንሽ ጠርሙስ አንድ ጠብታ ጨመረች፤
ጠብታዋ ባንድ እጇ ዘይት ጨብጣ፣ ባንዱ ውሃ ያዘች።
«እሷ ናት፣» አለችኝ፣ «ወይም አንዷ እህቷ፣ ማዮኔዝ ያቆመች፣
ሬንጅን ከውሃ አስማምታ መንገድ ላይ የረጨች፣
በሕፃን ክትባት ውስጥ ዘይት የደበቀች።
ግን አትመኛት፣ ቲራ። ለዘላለም አታቆምም።
ጊዜ ነው የምትገዛልን፤ ሰላሳ ወር አይሞላም።»

አንድ ሹም መጣ ደግሞ ፎቶ አንሺ አስከትሎ፤
«እኛም ይህን ነው የምንመስል!» አለ ታንከሩን ቸብ አርጎ፣ ፈገግታውን ስሎ።
ናይፍ ከፎርክሊፍቱ ላይ፦ «እኔ የቱ ነኝ? ዘይቱ?»
ሹሙ አልሰማውም፤ አስቸኳይ ነው ሰዓቱ።

ማክሰኞ። ከሌሊቱ ስምንት። መብራት ጠፋ ድንገት።
ጄኔሬተሩ ሳለ፣ ሳለ፣ ተወው፤ ዝም አለ እንደ ሌሊት።
ቀዛፊው ቆመ።
በባትሪ ብርሃን የታንከሩን መስኮት ጠረግሁ፤
ቢጫ ጠብታ ሲያብጥ፣ ጎረቤቱን ሲውጥ አየሁ።
ቀስ ብሎ ሰፈፈ ወፍራም ወርቅማ ሽፋን፣
ከስሩ የጠራ ውሃ። አንድ ቶን ተኩል ተበላሸብን።
ላሪሳ በሩሲያኛ ተሳደበች፤
የኔ ሳቅ ግን አመለጠች።

ምን ላድርግ? በአርማጭሆ እናቴ ቅሉን ስትንጥ
ይህንኑ ነበር የምንጠብቅ፣ ተኮልኩለን ስናዳምጥ።
ቿ ቿ ማለቱ ቀርቶ ዱብ ዱብ ሲል
«ወጣ!» ትላለች፤ ያኔ ነው ፊቷ ደስ የሚል።
መለየት ድግስ ነበር፤ ቅቤው ለራስ፣ አሬራው ለልጆች፤
እዚህ ደሞዝ የማገኘው እንዳይለያዩ ነው፣ እነዚህ ባላንጦች።

መብራቱ ሲመለስ አሞቅን፣ ቀዘፍን፣ ለመንን፤
ሰባ አምስት፣ እንደገና ሰባ አምስት። እምቢ አለን።
ጎህ ሲቀድ ናይፍ በርሜሎቹን ጭኖ ወሰደ፤
የፎርክሊፍቱ መብራት በኩሬው ላይ ሄደ።

እናቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነቅታ ጠበቀችኝ።
ከጫማዬ ጋር እየታገልሁ ነገርኋት። «ቆይ፣» አለችኝ።

«ቅቤው ወጣ?»
«አዎ፣ እማ።»
«በራሱ? ሳትንጡት?»
«በራሱ።»
«እና ደፋችሁት?»

መልስ አጣሁ። ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ደንብ፣ ስለ ሰላሳው ወር
ልነግራት ጀምሬ ተውሁት፤ ያልገባት እሱ አልነበር።
ከኪሴ አንዲት ቱቦ አወጣሁ፣ ያለፈው ሳምንት ናሙና፣
ገና ያልተጣላ፣ ገና የተስማማ፣ ነጭ እንደ ደመና።
የነቃ ጣቷን ቀባሁ። አሸተተች፤ አንገቷን ነቀነቀች፤
«ቅቤም አይደል፣ ውሃም አይደል፣ ሽታም የለው፣» አለች።

ግን አልጠረገችውም።
ትንሽ ቆይታ ወደ ሌላው እጇ አሻገረችው።